«ሰርቪስ?» አለችኝ፣ የስ አልኳት

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ለጥምቀት የመጡ ጃፓኖች ነበሩ፣ አንዷ ሴትዮ ምሳ ከበላች በኋላ ቡና ሳቀርብላት «ሰርቪስ?» አለችኝ፣ እኔም «የስ፣ ሰርቪስ» ብዬ ፈገግ አልኩላት፣ ሂሳብ ሲመጣ ግን ፊቷ ልውጥ አለ፣ ከፍላ ዝም ብላ ወጣች። እስካሁን ይከነክነኛል፣ ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ አንቺም አላጠፋሽም እሷም አላጠፋችም፣ ቃሉ ነው ያጋጫችሁ። ጃፓኖች ሰርቪስን ወስደው «ሳቢሱ» ብለውታል፣ ትርጉሙም አንዱ በነጻ የተጨመረ ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ገዝተሽ «በይ መርቂልኝ» የምትያትን አስቢ፣ በቃ እሷ ነች። ሴትዮዋ «ቡናው ምርቃት ነው?» ነው ያለችሽ፣ አንቺ ደግሞ አዎ አልሻት!

እና እባክሽ እንግሊዝኛ አይችሉም እንዳትይ፣ እኛም እኮ ሰርቪስ የምንለው የመስሪያ ቤት መኪናውን ነው፣ ከግቢ ጀርባ ያለችውን የምትከራይ ክፍልም ሰርቪስ ቤት እንላለን፣ ለእንግሊዝ ብትነግሪው ግራ ይገባዋል። ቃል ቤት ሲቀይር ጠባዩም ይቀየራል።

ሆቴል ስለሆንሽ እነዚህንም ያዣቸው። «ኮንሴንቶ» ካሉሽ ሶኬት ፈልገው ነው፣ «ፉሮንቶ» ሪሴፕሽን ነው፣ «ሞኒንጉ ኮሩ» ጠዋት ቀስቅሱኝ ነው። «ባይኪንጉ» ደግሞ ቡፌ፣ ይቺ ታሪክ አላት፣ እ.ኤ.አ በ1958 ቶኪዮ ያለው ኢምፔሪያል ሆቴል የስካንዲኔቪያኖቹን ቡፌ ሲጀምር ቤቱን በቫይኪንጎች ስም ሰየመው፣ ስሙም በዛው የቡፌ ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ።

ድምጹም ያደናግራል፣ ወተት ሲፈልጉ «ሚሩኩ» ይሉሻል። እኛ ሳድስ ስላለን «ሚልክ» ብለን እንጽፋለን፣ የነሱ ፊደል ግን ከ«ን» በቀር አናባቢ የሌለው የለውም፣ ለ እና ረንም አይለይም፣ ስለዚህ ቃሉ ይረዝማል።

የእንግሊዝኛ ፈሊጥ አታብዢባቸው። ቀላል ነው ለማለት «ፒስ ኦፍ ኬክ» ብትያት ኬክ ያዘዘች ሊመስላት ይችላል፣ እኛ ውሃ መጠጣት ነው የምንለውን እነሱ «ከቁርስ በፊት» ነው የሚሉት። «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» ግን ሳትፈሪ ተናገሪ፣ እነሱም ጋ ቁልጭ ብሎ አለ።

ሌላ ጊዜ «ሰርቪስ?» ስትባዪ የስ ከማለትሽ በፊት ሜኑው ላይ ዋጋውን በጣትሽ አሳያት። በነጻ ከሆነ «ሙርዮ» በያት፣ የሚከፈል ከሆነ «ዩርዮ»፣ ድምጻቸው ስለሚቀራረብ ማታ ማታ ተለማመጂያቸው።