ለመጀመሪያ የኦፍሮድ ሞተር 250 ሲሲ ወይስ 125?

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ አነበብኩት። የምትኖሪው ሀዋሳ ነው። ቁመትሽ 1.60 ነው። ከተማ ውስጥ ባለ ማርሽ ሞተር ነድተሻል፤ አሁን ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ከአስፋልት ወጥተሽ ወደ ወንዶ ገነትና ሲዳማ ደጋ ላይ ወዳለው ሁላ በገጠር መንገድ መንዳት አምሮሻል። ያገኘሻቸው ሞተሮች ሦስት ናቸው፦ ያገለገለ ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል፣ ያገለገለ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 እና አዲስ ቦክሰር፣ ያ የተለመደው የመንገድ ሞተር። ሻጩ «250ውን ውሰጂና ተገላገዪ፣ ትንሹን ከገዛሽ በስድስት ወርሽ መቀየርሽ አይቀርም» እንዳለሽም ጽፈሻል። አስተያየት የሰጡት አብዛኞቹም ይህንኑ ደግመዋል።

እኔ ያማሃውን ውሰጂ ባይ ነኝ። ምክንያቱ ረዘም ይላልና ታገሺኝ።

በሥራ ምክንያት ለዓመታት የሲዳማን ደጋ በሞተር ዞሬያለሁ። አሁንም የእረፍት ቀን ሲሆን ከጓደኞቼ ጋር እወጣለሁ። አዲስ ጀማሪ አብሮን ሲወጣ የት እንደሚወድቅ አስቀድሜ መናገር እችላለሁ። የሚወድቀው ቆሞ ወይም ሊቆም ሲል ነው። ዳገት መሀል ማርሽ ይከብድበታል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ እግሩን ሲያወርድ መሬቱን አያገኘውም። የገጠር መንገድ መሀሉን ጎርፍ በልቶታል፣ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። አስፋልት ላይ በእግር ጣት ብቻ መንካት ችግር የለውም። እዚያ ግን መሬቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ካለ እግርሽ አየር ላይ ይቀራል፣ ያ ሁሉ ብረት ወደዚያው ያዘነብላል። አንዴ ካዘነበለ በጉልበት የሚመልሰው ሰው የለም።

ሲአርኤፍ 250 ኤል መቀመጫው ከመሬት 87.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ ነዳጅ ሞልቶ ወደ 145 ኪሎ ይጠጋል። ኤክስቲዜድ 125 መቀመጫው 84 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ክብደቱ 120 ኪሎ ገደማ። የከፍታው ልዩነት ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል። ለ1.60 ሰው ግን የእግር መዳፍና የእግር ጣት ልዩነት ማለት ነው። ክብደቱማ በግልጽ ይለያያል። በአንድ ከሰዓት ሞተርሽን ሦስት አራት ጊዜ ከመሬት ካነሳሽ፣ ከ20 ኪሎ በላይ የሆነው ልዩነት ክንድሽ ላይ ያርፋል። የደከመ ሰው ደግሞ ተመልሶ ይወድቃል።

ቁጥሩን ብቻ አይተሽም አትወስኚ። ሞላው ስትቀመጪበት ዝቅ ይላል፤ መቀመጫው ጠባብ ከሆነም እግር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ሄደሽ ተቀመጪበት። የምትነጂበትን ጫማ አድርገሽ ሂጂ፣ በሸበጥ የሞከርሽው አይቆጠርም። ሁለቱም እግሮችሽ የግድ ሙሉ በሙሉ መሬት መንካት አያስፈልጋቸውም። ወገብሽን ትንሽ ወደ ግራ አንሸራተሽ ስትቀመጪ ግራ እግርሽ ከነተረከዙ መሬት ከያዘ በቂ ነው። በቀኝም እንዲሁ ሞክሪ።

ቀጥሎ ሻጩን አስፈቅደሽ ሞተሩን ሣር ላይ አስተኚው። የቤንዚን መዝጊያ ቧንቧ ካለው ይዘጋ፣ ማርሽ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ብቻሽን አንሺው። በክንድ ለመሳብ አትሞክሪ። ጀርባሽን ለመቀመጫው ስጪ፤ አንድ እጅሽ መሪውን፣ ሌላው ከመቀመጫው በታች ያለውን ብረት ይያዝ። ቁጢጥ ብለሽ በጭንሽ ጉልበት ወደ ኋላ እየገፋሽ ተነሺ። ይህን ደረቅ ሣር ላይ ካልቻልሽ፣ እርጥብ ዳገት ላይ ፈጽሞ አትችይም። ሻጩ «ሞተሬን አላስተኛም» ካለ መብቱ ነው። አንቺ ግን ሳታነሺው አትግዢ።

አሁን የ250ውንም ጥቅም ልናገር፣ ምክንያቱም እውነት አለው። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሁላ ከተማ የሆነችው ሀገረ ሰላም ስትደርሺ ከ2700 ሜትር በላይ ነሽ። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ጉልበት ያጣል፤ በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ ገደማ ነው። ሀገረ ሰላም ላይ ማንኛውም ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩቡን ያህል ትቶ ነው የሚደርሰው። ሲአርኤፍ ይህን የሚቋቋም ትርፍ ጉልበት አለው። ነዳጁንም በኢንጄክሽን ስለሚረጭ ልኩን ራሱ ያስተካክላል። ኤክስቲዜዱ ካርቡራቶር ነው፣ ልኩን ራሱ አያስተካክልም፣ ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ሰው ከኋላ ጭነሽ ሁላ ልትወጪ ካሰብሽ 125 ያለቅሳል፣ አልዋሽሽም። ብቻሽን ከሆንሽ ግን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወጣል። ለጀማሪ ደግሞ ቀስ ብሎ መውጣት ራሱ ትምህርት ነው። ጋዝ፣ ፍሪሲዮንና ሚዛን የሚለመዱት በዚያ ፍጥነት ነው።

ሌላው የመለዋወጫ ነገር ነው። ኤክስቲዜዱን የትኛውም ሠፈር ያለ ሞተር ሠሪ ከፍቶ ያውቀዋል፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየፕሮጀክቱ ስላገለገለ ፍሬን ሸራውም፣ የፍሪሲዮን ሸራውም፣ ካቴናውም ተፈልጎ ይገኛል። ሲአርኤፉ ጥሩ ሞተር ነው፤ የነዳጅ ፓምፑ ወይም ሴንሰሩ የተበላሸ ቀን ግን ዕቃው ከአዲስ አበባ አልፎ ከውጭ ሊጠበቅ ይችላል። ያን ጊዜ ሞተርሽ ግቢ ውስጥ ቆሞ ክረምቱ ያልፋል።

ቦክሰሩን ለምን እንደማልመክር ልንገርሽ። ቦክሰርን አልንቅም፣ ገጠሩን ተሸክሞ የሚኖር ሞተር ነው። ዋጋውም ዕቃውም ቀላል ነው። ችግሩ ከፊት ያለው ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ ነው። ሀዋሳ ዙሪያ፣ ቱላና አላሙራ ግርጌ፣ አፈሩ ቀላል አሸዋማ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። ወደ ደጋው ስትወጪ ግን ቀይ አፈር ይጀምራል። ዝናብ ሲነካው በጎማው ጥርስ መሀል ይሞላና ጎማው እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ከዚያ ጭቃው ዝቅ ብሎ በተገጠመው ፓራፋንጎና በጎማው መሀል ይጠቀጠቃል። መጀመሪያ ሞተሩ የከበደሽ ይመስልሻል። ጋዝ ትጨምሪያለሽ። ትንሽ ቆይቶ የፊት ጎማው መዞር ያቆምና እየተንሸራተተ መሄድ ይጀምራል። ወርደሽ በእንጨት ስትፈነቅዪው የእንሰት ቅጠልና ጠጠር ተቀላቅሎበት እንደ ጡብ ጠንክሮ ነው የሚወጣው። ሃምሳ ሜትር ሄደሽ ድጋሚ ትወርጃለሽ። የኦፍሮድ ሞተር ፓራፋንጎ ከጎማው በብዙ ርቆ ከላይ የሚሰቀለው ለዚህ ነው። የፊት ቸርኬውም 21 ኢንች የሚሆነው ድንጋይና ቦይ ላይ ሳይቀረቀር እንዲወጣ ነው፤ የቦክሰሩ 17 ነው።

ያላነሳሻቸው ሁለት አማራጮችም አሉ። ያማሃ ኤጂ 200 ካገኘሽ ደህና አድርገሽ እይው። ለእርሻ ሥራ የተሠራ ነው፤ ካቴናው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ ጭቃ አያገኘውም። መቆሚያው በግራም በቀኝም ስላለ ተዳፋት ላይ እንደልብሽ ታቆሚዋለሽ። ፍጥነት የለውም፣ ግን ዝግ ብሎ ሲሄድ አይጠፋም። ፍሬኑ ከፊትም ከኋላም ባለ ሸራ ነው፤ ወንዝ ከተሻገርሽ በኋላ ለጥቂት ሜትር ፍሬኑን በስሱ ይዘሽ እየነዳሽ ካላደረቅሽው አይዝልሽም። ሁለተኛው ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ቀላልና ጉልበተኛ ነው። ለመጀመሪያ ግን አልመክርሽም። ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል) ስለሆነ ጉልበቱ ድንገት ነው የሚመጣው። ቁልቁለት ላይ ጋዝ ስትለቂም ማርሹ ሞተሩን ብዙ አይዝም፣ ሁሉንም በፍሬን ነው የምትጨርሺው። ከሁላ ወደ ታች ለሚወርድ ጀማሪ ይህ ያስፈራል።

ያገለገለ ስለምትገዢ ስለ ወረቀቱ አደራ። እንዲህ ያሉት ሞተሮች ብዙዎቹ ከድርጅት በጨረታ የወጡ ናቸው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ሳታዪ ብር እንዳትሰጪ፤ አለበለዚያ ስም ማዞር ላይ ትቆሚያለሽ። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በራስሽ ዓይን አመሳክሪ። ቁጥሩ አካባቢ የሞረድ ወይም የአዲስ ቀለም ምልክት ካለ ተመለሺ።

ሞተሩን ለማየት በጠዋት ሂጂ፤ ሳይነሳ እንዲጠብቅሽ ንገሪያቸው። ስትደርሺ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በእጅሽ ንኪ። ትኩስ ከሆነ አሙቀውታል ማለት ነው፣ ሌላ ቀን ተመለሺ። ቀዝቅዞ ሳለ በቀላሉ መነሳቱን እይ። ከተነሳ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ካልቆመ ዘይት እየበላ ነው። የፊት ሾኩን ተጫኚው፣ ዘንጉ ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ ጎማ ማኅተሙ አልቋል፤ ይህ ይሠራል፣ ዋጋ መቀነሻ ነው። የኋላ ጎማውን ይዘሽ ወደ ግራና ቀኝ ግፊው፤ ቀቅ ቀቅ ካለ ቡሹ ተበልቷል። ራጂዎቹን (የቸርኬውን ቀጫጭን ዘንጎች) በብዕር አንድ በአንድ ምቺ። የላላው ድምፁ ይደፈናል።

ከበጀትሽ ለመከላከያ የሚሆን አስቀሪ፣ ሁሉንም ለሞተሩ አትጨርሺ። ሄልሜት፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጠንካራ ቦቲ ጫማ፣ የጉልበት መከላከያ፣ ጓንት። ከሄልሜት ቀጥሎ ጫማውን አስቀድሚ፤ በዝግታ ስትወድቂ ሞተሩ የሚያርፈው እግርሽ ላይ ነውና። የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ጫማውን ከውጭ አስመጪ፣ እዚህ በልክሽ ማግኘት ይከብዳል።

ከገዛሽ በኋላ ወዲያው ወንዶ ገነት ልሂድ ወይ ላልሽው፣ ትንሽ ቆዪ። መጀመሪያ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ልመጂ። ቆመሽ መንዳት፣ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ይዘሽ ስምንት ቁጥር መሥራት፣ ዳገት መሀል ሆን ብለሽ አጥፍተሽ ድጋሚ ማስነሳት። ዳገቱ ላይ ሲጠፋብሽ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ልቀቂው፣ ማርሹ ራሱ ሞተሩን ይይዝልሻል። የጎማ አየር ለአስፋልት ከምትሞይው ቀንሺ፤ 18 ፒኤስአይ አካባቢ ለአፈር ጥሩ ነው። ከዚያ በታች አትውረጂ፤ ድንጋይ ሲመታሽ ካላማዳሪው (የውስጥ ጎማው) ይቀደዳል። ትርፍ ካላማዳሪና የእጅ መንፊያ ያዢ፣ ገጠር ጎሚስታ አታገኚም። የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱ የሰውና የከብት ነው፣ በእግር ፍጥነት እለፊ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደጋው ስትወጪ ዝናብ ባልዘነበ ቀን ይሁን፣ ብቻሽንም አትውጪ። ሞተሩን ለማየት የምትሄጂበትን ቀን እዚህ ጻፊልኝ፤ ሀዋሳ ከሆንኩ አብሬሽ ሄጄ አየዋለሁ።