ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ክኒኑን ልተው ወይስ «ናኖ ብር» ልጠጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ46 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። በማገዶ እንጀራ እየጋገርኩ ለሆቴሎች አስረክባለሁ። ካቻምና እናቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በትንሽ በትልቁ ሆድ ይብሰኛል፤ ሥራም አስጠልቶኛል። ሐኪም ፍሉኦክሴቲን የሚባል የድብርት ክኒን አዘዘልኝ፣ ዛሬ 12ኛ ቀኔ ነው። እስካሁን ያተረፍኩት ማቅለሽለሽ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ አንድ የነርቭ ሳይንቲስት ያጠናውን አንብቦ፣ «ናኖ የሚባሉ ቅንጣቶች የአንጎል ሴል ይጎዳሉ፣ ሴሮቶኒን ያዛባሉ፤ መድኃኒትሽ ውስጥም ይኖራሉ» ብሎ አስፈራኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ናኖ ብር» የሚል ጠብታ ገዝታ አመጣችልኝ። ሴሮቶኒን ይሞላል ብለዋታል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እናትዎን ነፍስ ይማር። ዋናውን ላስቀድም፦ ክኒኑን አይተዉ፣ ጠብታውን አይጠጡ። አሁን ረጋ ብለን እናውራ።

ሴሮቶኒን መልእክተኛ ነው፤ አንዱ የነርቭ ሴል ለሌላው የሚልከው። በሁለቱ ሴሎች መካከል በጣም ጠባብ ክፍተት አለች። ሴሮቶኒኑ እዚያ ይለቀቃል፣ ተቀባዩን ነክቶ መልእክቱን ያደርሳል፣ ከዚያ የላከው ሴል ራሱ መልሶ ይሰበስበዋል። ቡና ሲያፈሉ ያስቡት። ሲኒው ይታደላል፣ ይጠጣል፣ አንዷ ልጅ ብድግ ብላ ትለቅመዋለች፣ ታጥቦ ለቶና ይቀርባል። ፍሉኦክሴቲን ሲኒ ለቃሚዋን «ቆይ እስኪ፣ ምን ያጣድፍሻል» ይላታል። ሴሮቶኒኑ ክፍተቷ ውስጥ ትንሽ ሰንበት ይላል፤ ሥራው ይኸው ነው።

ይህ የሚጀምረው ክኒኑ በተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ነው። ስሜትዎ የሚለወጠው ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ሴሎቹ አዲሱን ሁኔታ እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። በ12 ቀን አቦሉም አልወረደ።

ማቅለሽለሹስ? ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ ያለው አንጎል ውስጥ አይደለም፤ አንጀት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ተለይቶ የወጣውም ከደም ነው፣ በ1948 እ.ኤ.አ.። አንጎል ውስጥ መኖሩ የታወቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ክኒኑ አንጀትዎንም ይነካል፣ ሆድዎም ያኮርፋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ከምግብ ጋር ይዋጡት፣ ይቀልልዎታል። (ሐዘናችንን «ሆድ ባሰኝ» ብለን የምንናገር ሰዎች ይህን ቀድመን ሳናውቀው አልቀረንም እያልኩ እቀልዳለሁ። ቀልድ ነው እንጂ የአንጀቱ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይሻገርም። አንጎልን ከደም የሚለይ ጥብቅ አጥር አለ። ሙዝ ውስጥም ሴሮቶኒን አለ፤ እሱም አጥሩን አያልፍም። «የሚሞላ» ጠብታ ሲሉዎት ይህን ያስታውሱ።)

አንድ ነገር ላርም። «ሴሮቶኒንዎ አንሶ ነው» የሚለውን እኔም ለብዙ ታካሚ ተናግሬዋለሁ። ለማስረዳት ይቀላል። ነገሩ ግን እንደ ዘይት ጎደለ ሞላ የሚባል አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ድብርት በሴሮቶኒን ማነስ ይመጣል ለሚለው አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ማለት መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ይሻለዋል፤ የሚሻለው ግን ድሮ እንደምንለው ቀላል በሆነ መንገድ አይደለም።

ወደ ልጅዎ ንባብ እንምጣ። ናኖ ቅንጣት የምንለው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚሆነውን ነው። አንዷ የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። 100 ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶች እሷን ለማከል 10,000 ሆነው መሰለፍ አለባቸው። ይህን ያህል ሲያንስ ያው የምናውቀው ብረት ጠባዩ ይለወጣል፤ ሴል ውስጥም ዘው ይላል።

ቅንጣቱ ሴሮቶኒንን ማዛባቱ የሚለካበት መንገድ ደስ ይለኛል። ከጸጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ የካርቦን ክር ይወስዱና በማይክሮስኮፕ እያዩ ጫፉን ከሕያው ሴል ጎን ያስጠጉታል። ሴሉ ሴሮቶኒኑን በጥቃቅን ከረጢቶች ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ከረጢት ተከፍቶ ሴሮቶኒኑ ክሩን ሲነካ ቅንጣት የምታህል ኤሌክትሪክ ትፈጠራለች። ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ሹል መስመር ብድግ ትላለች። ከመስመሯ ስንት እንደወጣና በምን ፍጥነት እንደወጣ ይነበባል። ናኖ ቅንጣት ውስጣቸው የገባ ሴሎች በዚህ መንገድ ሲለኩ፣ ሳይሞቱም የሚለቁት መጠንና ፍጥነት ሊለወጥ እንደሚችል ታይቷል። ሴሉ ሞተ አልሞተ ብሎ መቁጠር ብቻ አይበቃም ማለት ነው። እንደ ብር (ጌጥ የሚሠራበት ማዕድን) ያሉት ቅንጣቶች ደግሞ መጠናቸው ሲበዛ የሴሉን ኃይል ማመንጫ ያውካሉ።

ልጅዎ ያነበበው እንግዲህ እውነት ነው። የሳተው ድምዳሜው ላይ ነው። ሳህን ላይ ያደገ ሴል ጉበት የለው፣ ኩላሊት የለው፣ ያ አጥርም የለው። ቅንጣቱ የሚፈስበት በቀጥታ ነው፤ ብዙ ጊዜም መጠኑ ከፍ ያለ ነው። የእርስዎ ፍሉኦክሴቲን ደግሞ የናኖ መድኃኒት አይደለም። የአንዳንድ እንክብል ልባስ ነጭ የሚሆነው በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ በውስጡ እስከ ናኖ የደቀቀ ክፍል መኖሩ ልክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. ከምግብ አስወጥቶታል። መድኃኒት ላይ ግን ፈቅዶታል፣ መጠኑም ኢምንት ነው። ለዚህ ብሎ ሕክምና አይቋረጥም።

«ናኖ ብር»ን፣ ማለትም ደቃቅ የብር ቅንጣት የተበተነበትን ውሃ፣ በተመለከተ ግልጽ ልሁን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ገና በ1999 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ የብር ውሃ ለየትኛውም በሽታ ደኅንነቱም ፈዋሽነቱም አልታወቀም ብሏል። ብዙ ጊዜ ከተጠጣ ብሩ ቆዳ ውስጥ ይከማችና ሰውየው ወደ ሰማያዊ የሚወስደው አመድማ መልክ ይይዛል። አይለቅም። ልጅዎ የፈራው ናኖ ጠርሙሱ ውስጥ ነበር! ጎረቤትዎን አይቆጧት፤ በደግነት ነው ያመጣችው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን እንደዋዛ ጣል ያደረጉት ነገር ነው። በማገዶ ይጋግራሉ። የእንጨትና የኩበት ጭስ ውስጥ ከ100 ናኖሜትር ያነሱ ቅንጣቶች መዓት ናቸው። በሳይንስ ቋንቋ ናኖ የሚተነፍሱት እዚያ ምጣድ ሥር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ሲቲና በማንችስተር ይኖሩ የነበሩ ሟቾች አንጎል ሲመረመር፣ ከአየር ብክለት የመጡ የሚመስሉ የብረት ናኖ ቅንጣቶች ተገኝተዋል። መገኘታቸው በሽታ አመጡ ማለት አይደለም። ጭስ ሳንባና ልብ እንደሚጎዳ ግን ክርክር የለውም። ስለዚህ መብራት ባለ ጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግሩ። በማገዶ ሲሆን እንጨቱ ደረቅ ይሁን፣ ከጣሪያው ሥር ጭሱ የሚወጣበት ይከፈት፣ በሩም ገርበብ ሳይሆን ወለል ይበል። ሲጋግሩ የሚነሳ ራስ ምታት ካለዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከጭሱ ጋዝ ሊሆን ይችላል።

ክኒኑን እየወሰዱ ትራማዶል የሚባለውን ማስታገሻ ሳያማክሩ አይውሰዱ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊነዞሊድም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ከፍሉኦክሴቲን ጋር ሲገናኙ ሴሮቶኒኑን ከልክ ሊያሳልፉት ይችላሉ። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ተቅማጥና መቅበዝበዝ አብረው ከመጡ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራ የማድማት ዕድሉን ይጨምራሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለልጅዎ ይንገሩት፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ይጠመቁ። ክኒኑ በቀን አንዴ ስለሆነ ጾሙን ፈተው 9 ሰዓት ላይ ቢውጡትም ይሠራል። ጸበል ገባሁ ብለው ግን አያቋርጡት። ሲሻልዎትም ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል፤ የሚቆመውም ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ነው። በስድስተኛው ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ መጠኑ ይስተካከላል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። ለቀጠሮው ሲሄዱ የጠብታውን ጠርሙስ በፌስታል ይዘውት ይሂዱ፣ ሐኪምዎም ይየው። ልጅዎንም ያስከትሉት፤ ጥያቄው ጥሩ ነው።