ወርቁን ከመስታወቱ ያላቀቀው ምንድን ነው?

ጠያቂያችን የኬሚስትሪ የማስተርስ ተማሪ ናት። «በመስታወት ስላይድ ላይ 5 ናኖሜትር ክሮሚየም፣ በላዩ 100 ናኖሜትር ወርቅ የተነጠፈበት ኤሌክትሮድ አለኝ። 0.5 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነክሬ ቮልቴጁን ከ-0.4 እስከ 1.5 ቮልት ሳመላልሰው፣ ጥቂት ዙር እንደሄደ የወርቁ ዳር ይነሳል፤ ቀጥሎ እየተላጠ አሲዱ ላይ ይንሳፈፋል። ማመሳከሪያዬ፣ ማለትም ቮልቴጁን የምለካበት ኤሌክትሮድ፣ ብር/ብር ክሎራይድ ነው። ወርቁ ንጹሕ ስላልሆነ ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ ወርቁን አትጠርጥሪ። ቆሻሻ ወርቅ ውጤትሽን ያበላሽ ይሆናል እንጂ እንዲህ ከዳር ተነስቶ አይላጥም። ቁም ነገሩ ያለው «ዳሩ ይነሳል» ያልሽው ላይ ነው። ወርቅ በራሱ መስታወት ላይ አጥብቆ አይይዝም፤ የሚይዘው ከሥሩ ያለው ክሮሚየም ነው። መሃል ላይ ክሮሚየሙ በወርቁ ተሸፍኗል፤ በጠርዙ በኩል ግን ራቁቱን ስለሆነ አሲዱ በቀጥታ ያገኘዋል። የመረጥሻቸው የቮልቴጅ ጫፎች ደግሞ ሁለቱም አይስማሙትም።

የላይኛውን እንይ። በአንቺ ማመሳከሪያ 1.5 ቮልት ማለት በመደበኛው የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ሲለካ 1.7 ገደማ ነው። ክሮሚየም በመካከለኛ ቮልቴጅ ኦክሳይዱን ለብሶ ይቀመጣል፤ እዚህ ከፍታ ሲደርስ ግን ኦክሳይዱ ራሱ ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም እየሆነ ይሟሟል። 5 ናኖሜትር ስንት ዙር ሊቆይ ነው? የታችኛው ጫፍ የተጀመረውን ይጨርሰዋል። በዚህ አሲድ ውስጥ ሃይድሮጅን መውጣት የሚችለው ከ-0.2 ቮልት ገደማ ወደ ታች ነው፤ -0.4 ላይ የሚፈጠረው አረፋ ከተነሳው ዳር ሥር ሆኖ ወርቁን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጫፎቹን ሰብስቢ። ከ0 እስከ 1.4 ይበቃሻል፤ የወርቅ ኦክሳይድ ሲፈጠርም ወደ ወርቅ ሲመለስም በዚያ ውስጥ ይታያል። 1.4 ለክሮሚየሙ አሁንም ደግ አይደለምና ጠርዙን ከአሲዱ ሰውሪው። መሃል ላይ ስፋቱን የለካሽው ክብ ቦታ ትተሽ ዙሪያውን ግልጽ የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቢ፤ የመጀመሪያው በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቢበት። በአሴቶን ወይም በአሴቶናይትራይል ለመሥራት ካሰብሽ ግን ቀለሙ ይሟሟል፤ ያኔ የጎማ ቀለበት ያለው ሴል ያስፈልግሻል።

ሁለተኛው ጉዳይ ያልጠየቅሽኝ ነው፤ እኔ ግን ከመላጡ ይልቅ ይህ ያሳስበኛል። ማመሳከሪያሽ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድ በጫፉ በኩል ትንሽ ትንሽ እያለ አሲዱ ውስጥ ይገባል። ክሎራይድ ባለበት ወርቅ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሟሟል። በወፍራም የወርቅ ሽቦ ብትሠሪ ኖሮ ጉዳቱን ልብ አትይውም ነበር። 100 ናኖሜትር ሽፋን ላይ ግን በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ያለሽ ወርቅ 193 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊአምፔር ሙሉ በሙሉ ወርቁን በማሟሟት ላይ ቢውል አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ማመሳከሪያሽን ሁለተኛ ቱቦ ውስጥ አስገቢውና ቱቦውን በዚያው ሰልፈሪክ አሲድ ሙዪው፤ ከተገኘ የሜርኩሪ ሰልፌት ማመሳከሪያ ከሁሉም ይሻላል።

ሽቦውን የምታያይዢው ጥርስ ባለው መቆንጠጫ ከሆነ ተይው፤ ጥርሱ ወርቁንም ክሮሚየሙንም ቧጭሮ መስታወቱ ላይ ይደርሳል። በብር ቅባት ቀጭን የመዳብ ሽቦ አጣብቂና መገናኛውን ከአሲዱ በላይ አድርጊው። ሽፋኑን ለማጽዳት ብለሽ እሳት ላይም አታድርጊው፤ ሙቀት ክሮሚየሙን በወርቁ ቅንጣቶች መካከል አሳልፎ ወደ ላይ ያወጣዋል።

መሻሻሉን የምታውቂው ኦክሳይዱ ወደ ወርቅ ሲመለስ 0.9 ቮልት አካባቢ በከረንቱ ግራፍ ላይ በሚታየው ጉብታ ነው። የጉብታው ቻርጅ ለ390 ማይክሮኩሎምብ በካሬ ሴንቲሜትር ሲካፈል የወርቅሽን እውነተኛ ስፋት ይሰጥሻል። የላይኛውን ጫፍ ሳትቀይሪ ዙር በዙር መዝግቢው፤ ቁጥሩ ከረጋ ሽፋኑ ይዟል፣ በየዙሩ እየቀነሰ ከሄደ ወርቁ እየተላጠ ወይም እየሟሟ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ከተላጠ፣ አብሮ ከተነጠፈው የቀረ አንድ ደረቅ ስላይድ ወስደሽ ማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፊበትና በቀስታ ሳብ አድርጊ። ወርቁ አሲድ ሳይነካው ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ሽፋኑን የሠራልሽን ሰው ከክሮሚየሙ በኋላ ወርቁን ሳያነጥፍ ወደ ቫክዩም ክፍሉ አየር አስገብቶ እንደሆነ ጠይቂው፤ አየር ካገኘው ክሮሚየሙ ኦክሳይድ ለብሶ ወርቁን አልያዘም። ለሚቀጥለው ሥራሽ በክሮሚየም ፋንታ ቲታኒየም እንዲያደርግልሽ ንገሪው፤ ቲታኒየም በከፍተኛ ቮልቴጅ ኦክሳይዱን እያጠነከረ ይቆማል። ያን ጊዜ ግን ስላይዱን በሰልፈሪክ አሲድና በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ድብልቅ እንዳታጥቢው፤ ቲታኒየሙን በልቶ ወርቁን ያወርድብሻል።