የሚዋጥ ካሜራ ለመሥራት የትኛውን ዲፓርትመንት ልምረጥ?

ጥያቄ፦ «ያደግኩት ሐይቅ ነው። አሁን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ነኝ፤ በቅርቡ ዲፓርትመንት እንመርጣለን። አክስቴ ደሟ በየጊዜው ያንሳል። ከላይም ከታችም በቱቦ አይተዋት ምንም አልተገኘም። ሐኪሙ እንደ ኪኒን ተውጦ ትንሹን አንጀት ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ እንዳለ ነገራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ካሜራው ሳነብ አመሻለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ያለ ገመድ ፎቶውን እንዴት እንደሚልክ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔም እንዲህ ያለ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ። አባቴ ‹ውጤትሽ ከደረሰ ሕክምና ግቢ› ይላል። ጓደኞቼ ‹ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዘዋውረሽ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ› ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? ወይስ ለአንድ የወሎ ልጅ ይሄ ቅዠት ነው?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ምረጪ። እዚያው ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ ግቢ። ቅዠትም አይደለም።

ምክንያቴን ለማየት ያን የሚዋጥ ካሜራ፣ ካፕሱሉን፣ በሐሳብሽ ክፈቺው። ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 26 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱ 4 ግራም አይሞላም። ፊቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ሽፋን አለ። ከሽፋኑ ጀርባ ሌንስ፣ በሌንሱ ዙሪያ ጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች፣ ከዚያ ምስሉን የሚቀበል ሲሞስ ቺፕ ይገኛል። ቀጥሎ የእጅ ሰዓት ዓይነት ሁለት ባትሪዎች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የሬዲዮ ማሰራጫና አንቴና። መብራቱ ዝም ብሎ አይበራም። ፎቶ ሲነሳ ብቻ ብልጭ ይላል፤ አለዚያ ባትሪው መንገድ ላይ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ካፕሱሎች በሰከንድ 2 ፎቶ እያነሱ 8 ሰዓት ያህል ይሠሩ ነበር። አባዢው፤ 57,600 ፎቶ ይመጣል። ያ ሁሉ ፎቶ በሬዲዮ ሞገድ ሆድ ላይ ወደተለጠፉ መቀበያዎች፣ ከዚያም ወገብ ላይ ወደታሰረ መቅጃ ይሄዳል። ካፕሱሉ ሞተር የለውም። አንጀት ራሱ እየገፋ ይወስደዋል፤ በመጨረሻ ከሰገራ ጋር ይወጣል።

አሁን ቁጠሪው። ባትሪው፣ ቺፑ፣ አንቴናው፣ የምስሉ ማቀነባበሪያ። አብዛኛው የኤሌክትሪካል ትምህርት ነው። «የካፕሱል ዲፓርትመንት» የሚባል ነገር የትም አገር የለም። ሰዎች ከየሙያቸው መጥተው ነው የሚገናኙበት።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። ሐሳቡን በፈረንጆቹ 1981 ያመጣው ጋቭሪኤል ኢዳን የሚባል እስራኤላዊ መሐንዲስ ነው። ሐኪም አልነበረም፤ ሥራው ለሚሳይል የሚሆን ምስል ማያ መሣሪያ ነበር። ቦስተን በቆየበት ጊዜ ጎረቤቱ ኤይታን ስካፓ የተባለ የጨጓራና አንጀት ሐኪም ነበር። ሐኪሙ ትንሹን አንጀት በቱቦ አዳርሶ ማየት እንዳልተቻለ አጫወተው። ነገሩ ከዚያ ጨዋታ ተነሳ። ግን በዚያ ዘመን የነበረው የካሜራ ቺፕ ባትሪውን በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰው ነበር። በ1990ዎቹ ኤሪክ ፎሰምና ባልደረቦቹ በናሳው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ኃይል የሚቆጥበውን የሲሞስ ካሜራ ቺፕ ሠሩ። ፖል ስዌይን የተባለ ሐኪምም ለንደን ላይ ለብቻው ተመሳሳይ ነገር እየሞከረ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ተገናኙ። ሥራቸው በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ፤ በ2001 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ፈቀደው።

ሐሳቡ ያን ሁሉ ዓመት የቆመው የሕክምና እውቀት ጠፍቶ አይደለም። ትንሽ ኃይል የሚበላ ካሜራ ስላልነበረ ነው። የኢንጂነሩን ድርሻ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለኝም።

ስለ ሕክምና ግን በደንብ አስቢበት፤ አባትሽ ስላሉ ብቻ አትሽሺው። ፎቶዎቹን አይቶ «ይሄ ቁስል ነው፣ ይሄ የደም ሥር ነው» የሚለው ሐኪም ነው፤ የአንድን ሰው ፎቶዎች አይቶ ለመጨረስ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። አንጀቱ የጠበበ ሰው ካፕሱል ቢውጥ ውስጡ ተይዞ ሊቀር፣ እሱን ለማውጣትም ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ እንደሚችል የሚያውቀው እሱ ነው። ካፕሱሉ ቆርጦ ናሙና አያመጣም፤ አያክምም። እዚያ ለመድረስ ጠቅላላ ሕክምና፣ ከዚያ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ፣ ከዚያ የጨጓራና አንጀት ሰብ-ስፔሻሊቲ አለ። ከ10 ዓመት በላይ ነው። ጥሩ መንገድ ነው፤ ሰው ማከም ለሚፈልግ።

አንቺ ግን ደብዳቤሽ ላይ ስለ አክስትሽ ሕመም ሦስት መስመር ጽፈሽ ቀሪው ሁሉ ስለ መሣሪያው ነው። «ውስጡ ምን አለ፣ እንዴት ይልካል» ብለሻል። የሚያስመሽሽ ይሄ ከሆነ የሕክምናው ረጅም ዓመት ይከብድሻል ብዬ እፈራለሁ።

ባዮሜዲካልስ? ጅማ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጡታል፤ ጥሩ ትምህርት ነው። አንቺ የተመደብሽው ከእነዚህ በአንዱ ቢሆን ኖሮ አልከለክልሽም ነበር። ነገር ግን ዝውውር ለመለመን ብለሽ ጊዜና ልብሽን አታባክኚ። በኤሌክትሪካል ተመርቀሽ ማስተርስሽን በባዮሜዲካል መሥራት ትችያለሽ። ኤሌክትሮኒክስ ላይ የጠበቀ መሠረት ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ ትፈለጊያለሽ።

አባትሽ የሚፈሩት ሥራ መፍታትን ይመስለኛል። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ እውነቱን ንገሪያቸው። ካፕሱሉን የሚያመርቱት ኩባንያዎች ያሉት እንደ አሜሪካ፣ እስራኤል፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ቻይና ባሉ አገሮች ነው፤ ተመርቀሽ በማግሥቱ እነሱ ጋ አትቀጠሪም። እዚህ የሚጠብቅሽ ሥራ የሆስፒታል መሣሪያ ክፍል፣ መሣሪያ አስመጪዎች ዘንድ ተከላና ጥገና፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ወይም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማርና ምርምር ነው። ወሎ ውስጥ ይህ ሙያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለአባትሽ ማስረዳት አያቅትሽም። በእኛ አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት የደሴና የወልድያ ሆስፒታሎች ማሽኖች ተዘርፈውና ተሰባብረው እንደነበር ያውቃሉ። ማሽን በእርዳታ ይመጣል፤ የሚገጥመውና የሚያቆየው ሰው ግን አብሮ ታሽጎ አይመጣም። ይህን ለአባትሽ ስትነግሪ ብቻሽን አትሁኚ። እሳቸው የሚሰሙትን አጎት ወይም መምህር ይዘሽ ተቀመጪ፤ ቡናው ሲፈላ፣ ሳትቸኩዪ።

አሁን ወደ ሥራው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኢኤስፒ32-ካም የሚባለውን ትንሽ የካሜራ ቦርድ ፈልጊ፤ አዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ያመጡታል። ብቻሽን ካቃተሽ ከጓደኞችሽ ጋር አዋጡ። በዋይፋይ ፎቶ ወደ ስልክሽ እንዲልክ አድርጊው። ከዚያ ቦርዱን ከፓወር ባንክ ጋር ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አሽጊና ጨው የተጨመረበት ውኃ ባለው ባልዲ ውስጥ አጥልቂው። ዕቃው ውስጥ ድንጋይ ጨምሪበት፣ አለዚያ ይንሳፈፋል። ውኃ እንዳይገባበት ተጠንቀቂ፤ እርጥብ ባትሪ አደገኛ ነው። ቀስ እያልሽ ስታጠልቂው ፎቶው መንተባተብ ይጀምራል፣ ከዚያ ይቋረጣል። በየሳንቲ ሜትሩ መዝግቢ። የሰው ሰውነትም አብዛኛው ጨዋማ ውኃ ነው። ዋይፋይ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ውኃ ውስጥ ቶሎ ይሞታል፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያው ካፕሱል ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ፣ 400 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሆነ ሞገድ የመረጠው። ኮሪያውያን ሚሮካም በተባለው ካፕሱላቸው ሬዲዮውን ትተው የሰውን ሰውነት ራሱን እንደ ሽቦ ተጠቀሙበት። ይሄ ሐሳብ በጣም ደስ ይለኛል። ባልዲው ጋ ከዋልሽ በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ በደንብ ይገባሻል።

ቦርዱ ካልተገኘ ኮምፒውተር ብቻ የሚፈልግ ሥራም አለ። ኖርዌይ ውስጥ ከሕመምተኞች የተነሱ የካፕሱል ፎቶዎች ክቫሲር-ካፕሱል በሚል ስም በፈረንጆቹ 2021 ለተመራማሪዎች በነፃ ተለቀዋል፤ 47,238 ምልክት የተደረገባቸው ፎቶዎች አሉበት። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እየተማርሽ ደም ያለበትን ፎቶ ከሌለበት የሚለይ ፕሮግራም ሞክሪ። ሐኪሙን ከዚያ የአንድ ሰዓት ድካም የሚገላግለው እንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ ከኮምቦልቻም ይሠራል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳታደርጊ አትቅሪ። ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ አጽፈሽ ደሴ ሆስፒታል የመሣሪያ ጥገና ባለሙያዎቹን አነጋግሪ። የተለመደው የኢንዶስኮፒ ቱቦ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የቱ ጋ ቶሎ እንደሚበላሽ ጠይቂያቸው። የታካሚ ፎቶ አታንሺ።

አክስትሽን በተመለከተ ሐኪም አይደለሁምና ብዙ አልልም። ካፕሱሉን የምትውጥ ከሆነ ግን ከዚህ በፊት የሆድ ቀዶ ጥገና ከነበራት፣ ስትበላ የሚቆርጣት ከሆነ ለሐኪሙ ቀድማ ትንገረው። ካፕሱሉ መውጣቱ ሳይረጋገጥም ኤምአርአይ እንዳትነሳ።

ቅጹ ላይ አንደኛ ኤሌክትሪካል፣ ሁለተኛ ሶፍትዌር፣ ሦስተኛ ሕክምና ብለሽ ሙዪ። ከባልዲው ሙከራ በኋላ ፎቶው ስንት ሳንቲ ሜትር ላይ እንደተቋረጠ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ተነስተን ስለ መመረቂያ ፕሮጀክትሽ እንነጋገራለን።