ማዕበሉ እንዴት አይጠርገውም?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። ክረምት ሲገባ ጓሯችን ቡናው ላይ ቀንድ አውጣ አይጠፋም። ወንድሜ ግን "ባሕር ዳርቻ ቋጥኝ ላይ የሚኖርም አለ" ብሎ ድርቅ አለ። እውነት ነው? ውሃው ሲሸሽ አይደርቅም? ማዕበሉስ?

መልስ፦ ወንድምህ ልክ ነው፣ ቡና ጋብዘው። በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻዎች ሊቶሪና ሳክሳቲሊስ የሚባል ትንሽዬ ቀንድ አውጣ አለ። ድንጋይ ላይ የበቀለውን አልጌ በጥርሳም ምላሱ እየፋቀ ይበላል። ውሃው ሲሸሽ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ እግሩ ላይ ባለው ክዳን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ እርጥበቱ አይወጣም። አብዛኞቹ የጓሮ ቀንድ አውጣዎች ይሄ ክዳን የላቸውም። የባሕር ዳርቻው እንቁላልም አይጥልም፣ የሚድሁ ልጆች ይወልዳል።

ማዕበሉን በተመለከተ፣ እንደ ሰፈሩ ነው። ሸርጣን የሚበዛበት ቦታ ያለው ትልቅ፣ ቅርፊቱ ወፍራም፣ አፉ ጠባብ ነው። ማዕበል የሚመታው ቋጥኝ ላይ ያለው ደግሞ ትንሽ ነው፤ ቅርፊቱ ስስ ቢሆንም አፉ ሰፊ ስለሆነ ትልቅ እግር ያወጣና ድንጋዩን ሙጭጭ ይላል።

እኔን የገረመኝ ግን የስዊድኑ ነገር ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. መርዛማ አልጌ በኮስተር ደሴቶች አካባቢ ቀንድ አውጣዎቹን ፈጃቸው። በ1992 ተመራማሪዎች ባዶ የቀረች አንዲት ትንሽ አለታማ ደሴት ላይ ሆን ብለው ከሸርጣን ሰፈር ቀንድ አውጣዎችን አምጥተው ለቀቁ። በ30 ዓመት ገደማ ውስጥ ዘሮቻቸው የማዕበል ሰፈር ቀንድ አውጣዎችን መሰሉ፦ አነስ ያሉ፣ ቅርፊታቸው የሳሳ። ውጤቱ የታተመው በ2024 ነው።