የኮሌጁ ዋጋ 70 ሺህ ዶላር የደረሰው እንዴት ነው?

«ልጄ ኮሌጅ ተቀበሏት፤ ግን በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ይላል። አሜሪካ ድሮም እንዲህ ነበር? ይህን የሚከፍለውስ ማነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ! እኔ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የተማሪ ሂሳብ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ወላጆች አብዝተው የሚጠይቁን ይህንኑ ነበር።

ድሮም ቢሆን የተማሪ ክፍያ ብቻውን ኮሌጅ አቁሞ አያውቅም። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1636 ሲመሠረት የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሸንጎ 400 ፓውንድ መደበለት። ቀጥሎም በቻርለስታውን የጀልባ መሻገሪያ የሚሰበሰበው ገቢ ተሰጠው። ቤተሰቦች ስንዴ ያዋጡ ነበር። በገንዘብ ፋንታ በእህልና በከብት የሚከፍሉ ተማሪዎችም ነበሩ። አስተዳደር የሚባለው ፕሬዚዳንቱ፣ ጥቂት አስተማሪዎችና ቀለቡንና ሂሳቡን የሚይዝ መጋቢ ነበር፤ በቃ።

ሁሉም ገንዘብ ግን ንጹሕ አልነበረም። ዲሲ ያለን ሰዎች በደጁ የምናልፈው የጆርጅታውን ኮሌጅ በ1838 ዕዳ ተጭኖት ነበር። የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን ካህናት በባርነት የያዟቸውን 272 ሰዎች ሸጡ፤ ከሽያጩም የኮሌጁ ዕዳ ተከፈለ። ይህን ሳይናገሩ የኮሌጅ ታሪክ ማውራት አይቻልም።

በ1862 የፌዴራል መንግሥት ለየክፍለ ግዛቱ መሬት ሰጠ። መሬቱ ተሸጦ የሕዝብ ኮሌጆች ተቋቋሙበት። በ1944 ደግሞ ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ክፍያ መሸፈን ጀመረ። የኒው ዮርክ ከተማ ኮሌጆች እስከ 1976 ድረስ ለከተማዋ ልጆች ነጻ ነበሩ። ከተማዋ ለኪሳራ ስትቃረብ ቀረ።

ነገሩ የተበላሸው በእኔ እይታ እዚህ ጋ ነው። ክፍለ ግዛቶች ለኮሌጆች ከሚሰጡት ድጎማ እጃቸውን እየሰበሰቡ ሲሄዱ ክፍተቱን የሞላው ብድር ነው። በ1965 የወጣው ሕግ መንግሥትን ለተማሪ ብድር ዋስ አደረገው። ዛሬ ጠቅላላ የተማሪ ዕዳ ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው። «ገንዘቡን የበላው የቢሮ ሠራተኛ ብዛት ነው» የሚሉ አሉ። ቢሮው መብዛቱ እውነት ነው። ለሕዝብ ኮሌጆች ግን የመንግሥት ድጎማ መቀነስ ይበልጥ ከባድ ነው።

የግል ኮሌጆች ሌላ መንገድ ያዙ። ዋጋውን ሰቅለው ይለጥፋሉ፤ ከዚያ «ስኮላርሺፕ» ብለው ይቀንሳሉ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ቅናሹ በአማካይ ከቱሽኑ (ከትምህርት ክፍያው) ግማሽ ይበልጣል። ስለዚህ 70 ሺህ የሚለው ቁጥር አያስደንግጥሽ።

አሁን ኮሌጁ የላከልሽን የእርዳታ ደብዳቤ አውጪና እስክሪብቶ ያዢ። ግራንትና ስኮላርሺፕ የሚለውን ብቻ አክብቢ፤ የማይመለሰው እሱ ነው። ሎን የሚለው ዕዳ ነው። ዎርክ ስተዲ ልጅሽ ሠርታ የምታገኘው ደሞዝ ነው፤ ከሂሳቡ ቀድሞ አይቀነስም። ፓረንት ፕላስ የሚለው መስመር ካለ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። እንደ እርዳታ ተደርድሮ ይመጣል፤ በራስሽ ስም የምትወስጂው ብድር ነው፤ ወለዱም ከልጅሽ ብድር ይበልጣል። «ተሸፈነልን» ብለው ተደስተው መጥተው ይህ መስመር ሲነበብላቸው ፊታቸው የሚለዋወጥ ወላጆችን ብዙ አይቻለሁ። ያናድደኛል፤ ደብዳቤው ግልጽ ሊሆን ይገባ ነበር።

ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ፣ የሚያየው የቆየ ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቆሞ ወይም ሕመም ገጥሟችሁ ከሆነ ለኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ማስረጃም አያይዢ። እንደገና የማየት ሥልጣን በሕግ አላቸው። የእኛ ሰው ልመና ይመስለውና ዝም ይላል፤ መብትሽ ነው። ስኮላርሺፑ አራቱንም ዓመት ይቀጥል እንደሆነና ስንት የትምህርት ውጤት ነጥብ እንደሚጠይቅም አስጽፊያቸው። ብዙ ኮሌጆች ውሳኔሽን የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ስለሆነ ይህን ሁሉ ከዚያ በፊት ጨርሺ።