ቡናውን ትቼ ለፓርላማ ልዘጋጅ ወይ?

ከማና ወረዳ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? መልእክትህ ረዘም ስለሚል ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ላስቀምጠው። 24 ዓመትህ ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀህ ሥራ ስትፈልግ ቆየህ፣ ሲጠፋ ወደ አባትህ ቡና ተመለስክ። ሰሞኑን በስልክህ አንድ አሜሪካዊ ገበሬ እንዴት ሴናተር እንደሆነ አየህና ልብህ ተነሳ። «እኔም አንድ ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መግባት እፈልጋለሁ። ማሳውን ለታናሽ ወንድሜ ትቼ አዲስ አበባ ሄጄ በፖለቲካል ሳይንስ ማስተርስ ልያዝ፣ ወይስ ሕግ ከመጀመሪያው ልማር?» ትላለህ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጋሼ፣ ከገበሬነት ወጥቼ ሰው መሆን ነው የምፈልገው» የምትል ነገር ጣል አድርገሃል።

ከእሷ ልጀምር፣ አናዳኛለችና። ገበሬ ሰው አይደለም እንዴ? ነገ የቡ ከተማ ገበያ ላይ ቆመህ ምረጡኝ የምትለው እኮ ይህንኑ ገበሬ ነው። ንቀት ደግሞ አይደበቅም፤ በአነጋገርህ ይታወቃል፣ ቡና ቀርቦልህ ስልክህን ስትነካካ ይታወቃል። ነገሩን ለማመዛዘን ያህል፣ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት (የንጉሡ ዘመን ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት) አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ሲፈቀድለት ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። የዚህ አገር ጭሰኛ ድምፅ ሰጥቶ ይመለሳል እንጂ ራሱ ልወዳደር ቢል ማን ሊሰማው? ዛሬ ሕጉ ንብረትም ዲግሪም አይጠይቅህም። ዕድሜህ 21 ሞልቷል፣ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ታውቃለህ። አያቶችህ ያላገኙትን በር ገበሬ ሆነህ ልትገባበት ስትችል ገበሬነቱን ካልጣልኩ ትላለህ።

ዋናው መልሴ አጭር ነው። ቡናውን አትተው።

ፓርላማ ተምረህ የምትቀጠርበት መሥሪያ ቤት አይደለም። ማስታወቂያ አይለጠፍበትም፣ ሲቪ አይገባበትም። ሰው አውቆህና አምኖህ ለ5 ዓመት የሚልክህ ቦታ ነው። 5 ዓመቱ ሲያልቅ የምትመለስበት ሥራ ከሌለህ ወንበሩ እንዳያመልጥህ ስትል የማትውጠው ነገር አይኖርም። ማሳ ያለው ሰው ግን «እሺ፣ ቡናዬን እለቅማለሁ» ብሎ ሊነሳ ይችላል። ያየኸውን ቪዲዮ እኔ የተረዳሁት በዚህ በኩል ነው።

ሰውዬው በግራ እጁ ሦስት ጣት የለውም ስላልክ ጆን ቴስተር መሆኑን አውቄዋለሁ። ጣቶቹን የወሰደበት የሥጋ መፍጫ ነው፣ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ሞንታና ውስጥ ቢግ ሳንዲ በምትባል ጥቂት መቶ ሰው በሚኖርባት ከተማ አጠገብ፣ አያቶቹ ያቀኑትን መሬት ነው የሚያርሰው። ወደ 730 ሄክታር ነው፤ በእኛ ዓይን ቀበሌ ማለት ነው፣ እዚያ ግን ደረቅ አገር ስለሆነ እንደ ጉድ አይታይም። ስንዴ፣ ገብስ፣ ምስር ያለ ኬሚካል ያመርታል። ኮሌጅ የተማረው ምን መሰለህ? ሙዚቃ። ትንሽ ጊዜ የሙዚቃ መምህር ሆነ፣ እርሻው ላይ ከብት እያረደ ለሰው ሥጋ ያዘጋጅ ነበር። ፖለቲካል ሳይንስ የሚባል ነገር በታሪኩ ውስጥ የለም።

እንደዚህ ዓይነት ቪዲዮ ሁልጊዜ መሃሉን ይዘላል። መጀመሪያ ትራክተር ላይ ያሳዩሃል፣ ቀጥሎ ሱፍ ለብሶ። መሃል ላይ ያለው ግን ለአንተ የሚጠቅምህ ነው። ሰውዬው ለማንኛውም ትልቅ ወንበር ሳይወዳደር በፊት ወደ አስር ዓመት ገደማ የከተማዋ ትምህርት ቤት ቦርድ አባል ነበር። የአፈር ጥበቃ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቷል፣ የአውራጃው የግብርና ኮሚቴ ውስጥም እንደዚያው። ማንም ቪዲዮ የማይሠራለት፣ አበል ይኑረው አይኑረው የማይታወቅ፣ የጣሪያ ጥገናና የአውቶቡስ ነዳጅ የሚያጨቃጭቅ ሥራ። ከዚያ ጎረቤቱ የነበረ የግዛቷ ሴናተር ድጋሚ አልወዳደርም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ቦታውን ተወዳድሮ ያዘ። የሞንታና ምክር ቤት ደግሞ የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ ለ90 ቀን ነው፣ ያውም ከጥር ጀምሮ፣ መሬቱ በረዶ ለብሶ ገበሬ ሥራ በሚፈታበት ወራት። ስለዚህ እርሻውን ሳይነካ በሥራው ላይ ቆይቶ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደረሰ። ለአሜሪካ ሴኔት ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ2006፣ 50 ዓመት ሆኖት ነው፤ በ3,500 ገደማ ድምፅ ብልጫ ብቻ። ዋሽንግተን ከገባ በኋላም ቅዳሜና እሁድ እየበረረ ይመጣና ያርስ ነበር። ሥጋውን ሳይቀር ከቤቱ ይዞ ነው የሚሄደው ይባላል፣ እውነትም ይዞ ይሄድ ነበር።

ገበሬ መሆኑ ሕግ ሲወጣ ምን ጠቀመ? እ.ኤ.አ. በ2010 ትልቁ የምግብ ደኅንነት ሕግ ሲረቀቅ ለፋብሪካ የተጻፈው ግዴታ ሁሉ ትንሹ ገበሬ ላይም ሊወድቅ ነበር። ቴስተር ከአንዲት ሌላ ሴናተር ጋር ሆኖ፣ የዓመት ሽያጩ ከ500,000 ዶላር በታች የሆነና በአብዛኛው በአቅራቢያው ላለ ተጠቃሚ በቀጥታ የሚሸጥ ገበሬ ከከባዱ ግዴታ እንዲወጣ የሚያደርግ ማሻሻያ አስገባ። አልፎም ሕግ ሆነ። ይህን ለማሰብ ሰላጣ አጥቦ ገበያ ያወጣ ሰው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ተሸነፈ፤ እርሻው እዚያው ነበር።

እዚህ አገር ስትመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል፣ አልዋሽህም። ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 58 ላይ ክፈተው። የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ነው፣ መሃል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለ። አሁን ይህን ከቡናህ ጋር አስተያየው። ቀዩ እሸት ሊደርስ ሲል ምክር ቤቱ ይከፈታል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ለቀማው ሲጦፍ፣ ሠራተኛ ከየት ይምጣ እየተባለ ሲታመስ፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና በቀን ስንት ጊዜ መገላበጥ ሲኖርበት፣ አንተ 350 ኪሎ ሜትር ርቀህ ስብሰባ ላይ ነህ። የሚተርፍህ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ለችግኝ ተከላና ለአረም ይሆናል፣ እሱም መራጮችህን ለማነጋገር የምትወርድበት ጊዜ ስለሆነ ይጣበባል። ስለዚህ ያኔ ማሳውን የሚይዝ ሰው ከአሁኑ ያስፈልግሃል። ወንድምህን ያነሳኸው ለዚያ ከሆነ ደግ፤ ግን ጥለህበት መሄድና አሠልጥነኸው መሄድ የተለያየ ነው። ልጁ ምን እንደሚፈልግስ ጠይቀኸዋል? መልእክትህ ውስጥ አላየሁትም።

ለገበሬ የሚቀርበው በር ከታች ያለው ነው። የቀበሌ ምክር ቤት፣ የወረዳ ምክር ቤት፣ ከዚያ ጨፌ ኦሮሚያ። እነዚህ በዓመት ለጥቂት ጊዜ የሚሰበሰቡ ስለሆኑ ከማሳህ አይነቅሉህም፤ የሞንታናውም ነገር ያው እንደዚህ ነው። የወረዳውን በጀት አንዴ ተቀምጠህ ብትከራከርበት ከሁለት ዓመት ማስተርስ የበለጠ የምትማረው ይመስለኛል።

ስለ ፓርቲ አልጠየቅከኝም፣ ግን ሳላነሳው ባልፍ መካሪ አልባልም። በ547 የምርጫ ክልል አብዛኛው ሰው የሚገባው በፓርቲ ነው። በግል ይቻላል፣ ግን ቁጥሩን እየው። በ2002 ምርጫ በግል ያሸነፈ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ከጎረቤታችን ከካፋ የተመረጡት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። በ2013 ደግሞ አራት። የትኛው ፓርቲ ግባ አልልህም፣ ሥራዬም አይደለም። ብቻ ፎርሙን ከመሙላትህ በፊት የፓርቲውን ደንብ አንብበው፤ ዕጩ እንዴት እንደሚመረጥ፣ አባል ከድርጅቱ አቋም ሲለይ ምን እንደሚደረግ። ከዚያ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 ከጎኑ አስቀምጥ። የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ስትያዝ ምን እንደምታደርግ ከአሁኑ ብታስብበት አይከፋም።

ሥራው ራሱስ ምንድን ነው? ብዙ ሰው በቴሌቪዥን እጅ ሲወጣ ስለሚያይ እጅ ማውጣት ብቻ ይመስለዋል። በአብዛኛው ረቂቅ አዋጅ የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ ከመጀመሪያው ንባብ በኋላ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው ባለ ጉዳዮችን ጠርቶ ያወያያል፣ ተመልሶ ለድምፅ ይቀርባል። ጨዋታው ያለው ኮሚቴው ላይ ነው። የአንተን ነገር ውሰድ። የጅማ ስም በውጭ ገበያ ለብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዝቅ ባለው በደረጃ 5 ደረቅ ቡና ነው፤ ያሳፍራል፣ የሊሙና የጎማ ቡና ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው። ከ2001 ጀምሮ ቡናው በምርት ገበያ በኩል ሲያልፍ ከሌላው ጋር በየምድቡ ይቀላቀል ስለነበር የማን ማሳ እንደሆነ ገዢው አያውቅም። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ሲመጣ ግን አካሄዱ እየላላ ሄደ፣ ዛሬ ቀጥታ ትስስር የምትሉት፣ ያለ ምርት ገበያ በቀጥታ ለላኪ መሸጥ፣ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አባትህ እሸቱን ለማን፣ በምን መልክ ሊሸጥ እንደሚችል የሚወስነው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። አዋጁን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ፈልገህ አንብበው። በአንድ በኩል አማርኛ በሌላው እንግሊዝኛ ስለሆነ የሕግ ቋንቋም ትለምድበታለህ። የገጠር መሬት አዋጁንም ቁጥር 1324/2016 ጨምርበት፣ ይዞታችሁን የሚነካ ነው።

አሁን ከነገ ጀምሮ የምትሠራውን ልንገርህ። አባትህ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ናቸው ብለሃል። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አብረሃቸው ሂድና ኋላ ተቀመጥ። ሁልጊዜ የሚሆነውን ታያለህ። የኦዲት ሪፖርቱ በፍጥነት ይነበባል፣ ማንም አይገባውም፣ ቡናው ከተሸጠ በኋላ ለአባሉ የሚታደለው ሁለተኛ ክፍያ ለምን አነሰ ሲባል ጫጫታ ይነሳል፣ አንዱ ሚዛኑን ይከሳል፣ ሌላው ማኅበራቱ የተሰባሰቡበትን ዩኒየን፣ ሌላው ጸሐፊውን፣ ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ዝም ያሰኙና ይበተናል። ያን ሪፖርት አንድ ቀን ቀድሞ ወስዶ ስንት ኪሎ እሸት ገባ፣ ስንት ኪሎ ደረቅ ወጣ፣ ለጄኔሬተር ናፍጣ ስንት ሄደ፣ የባንክ ወለዱ ስንት በላ የሚለውን በአፋን ኦሮሞ ለእናቶች ሳይቀር በሚገባ አድርጎ የሚያስረዳ ልጅ ቢነሳ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማንን ለቁጥጥር ኮሚቴ የሚመርጡ ይመስልሃል? ኮሚቴው ውስጥ ስትገባ ደግሞ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ቁጥር መጠየቅ፣ ተቆጥቶ የመጣን ሰው አስቀምጦ ማነጋገር ትለምዳለህ። የምክር ቤት ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፤ ጥፋት ካገኘህ መጀመሪያ ሰነዱን ያዝ፣ ከዚያ ተናገር። በወሬ የጀመርክ ቀን አለቀልህ፣ አገሩ ትንሽ ነው።

ቡናው ላይም ሥራ አለህ። የተማርከው ለዚህ አይደል? ያረጀው ዛፍ መጎንደል አለበት፣ አባትህ እሺ እንደማይሉህ ደግሞ አውቃለሁ፣ ምርት የሚሰጥ ዛፍ ቆርጦ ዓመታት መጠበቅ ለማንም አባት ይጨንቃል። ሁሉንም አትንካ፤ ጥቂት መስመር ለምናቸውና እሱን አሳያቸው። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብህ ነው፣ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙት እነ 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች የወጡት ከዚያው ነው። ጎረቤት ችግኝ ሊጠይቅህ ሲመጣ ያኔ ነው ስምህ መታወቅ የሚጀምረው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ፖለቲካል ሳይንሱን እኔ አልመክርህም። ሕግ መጥፎ አይደለም፣ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረህ ከጨረስክ በኋላ ጠበቃ መሆን ያምርሃል፣ ከማሳው እንደወጣህ ትቀራለህ። መማር ካለብህ እዚሁ ጅማ፣ ቅዳሜና እሁድ ወይም በኤክስቴንሽን ሆኖ፣ የግብርና ኢኮኖሚክስ ወይም የሂሳብ አያያዝ ፈልግ። የትኛው ፕሮግራም ዘንድሮ እንደሚከፈት ሬጅስትራር ጠይቀህ አረጋግጥ፣ በቴሌግራም የሰማኸውን አትመን። አማርኛህ ጥሩ ነው፣ ኮሚቴ ፊት ለመከራከር ግን ገና ይቀረዋል፤ አዋጅ እያነበብክ ጮክ ብለህ ተለማመድ።

ለማስተርሱ ብለህ ልትሸጣት ያሰብካትን ሞተር ሳይክል አትሽጣት። የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ከሆንክ የቡ ከተማንም ቀበሌዎቹንም የምትዞርባት እሷ ናት። የማኅበራችሁ ጉባኤ መቼ እንደሆነ ስታውቅ ጻፍልኝ፣ ሪፖርቱን ካገኘኸው አብረን እናየዋለን።